እባክዎ ዋጋ ይጨምሩበት

ግንቦት 2

ዛሬም ክሊኒኩ ውሃ ጠፍቶበት ዋለ። ቁስል የምናጥበው ከጀሪካን እየቀዳን ነው። ኃላፊዋ ደግሞ "ቆጥቡ" ትላለች... ቁስል በቁጠባ ይታጠባል?

ቤት ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ ነበር። ወንድሜ ቀድሞኝ ገብቶ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ፍክት ብሏል። ሥራ አገኘ! የጨርቅ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ባህር ዛፎች ቆርጦ እንዲያነሳ ተሰጠው። ለብቻው፣ በራሱ ስም። እስከ ዛሬ የሰው አጥር ዛፍ ሲመለምል ነው የኖረው። አቅፌ ሳምኩት። እናታችን ይህን ብታይ... አልኩ በሆዴ።

ከዚያ መጣ ነገሩ።

"ግን እትዬ፣ በእጅ መጋዝ ክረምቱ ሳይገባ አልጨርሰውም። አሮጌ ዕቃ ሻጩ አባ ዝገት ጋ የሞተር መጋዝ አይቻለሁ። ያገለገለ ነው። ትንሽ ተጎድቷል።"

"ምኑ?"

"ምንም አይደል። ፊት ለፊቱ ያለች ፕላስቲክ ናት። ስንት ልክፈለው ትያለሽ?"

እኔን ይጠይቀኛል! ስለ መጋዝ ምን አውቄ? "እናየዋለን" አልኩት። እሱ ተኝቶ ያንኮራፋል። እኔ ቁጭ ብያለሁ። የትኛዋ ፕላስቲክ?

ግንቦት 4

አብሬው ሄድኩ። አባ ዝገት የሚሏቸው ሽማግሌ ሱቃቸው እንደ ስማቸው ነው። የዛገ ጄኔሬተር፣ የዛገ ሚዛን፣ ቀለበት ብቻ የቀረው ጎማ። እሳቸው መሃል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ንጉሥ ይመስል።

መጋዙን አወጡት። ጎኑ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ከመኪና ላይ ወድቆ ነው አሉ። ገመዱን ሳቡ፣ እምቢ። ሳቡ፣ እምቢ። ከዚያ ድንገት ጮኸ። ሳላውቀው አንገቴን በሁለት እጄ ይዤ ተገኘሁ። ወንድሜ እየሳቀ አየኝ።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሉ ሽማግሌው። "አስራ አራት ሺህ።"

"ይሄ ቁስለኛ?" አለ ወንድሜ። "አስር።"

የተሰበረችዋን ፕላስቲክ አሳዩኝ አልኩ። ከመያዣው ፊት የምትቆም መከላከያ ናት። ግማሿ የለም። ለምን እንደምትጠቅም ጠየቅሁ። መጋዙ ድንገት ወደ ሰውዬው ከተወረወረ፣ እጁ ይቺን ሲገፋት ሰንሰለቱ ወዲያው ይቆማል አሉኝ።

"ከሌለችስ?"

ወንድሜ ጫማውን ያያል። ሽማግሌው የመጋዙን አቧራ ጠረጉ። "ጠንቃቃ ሰው ከያዘው ምንም አይልም" አሉ።

ጠንቃቃ! ይሄ ልጅ እኮ ምላጭ ይዞ ስልክ የሚያወራ ነው።

ግንቦት 5

ዛሬ ጣቶቹን መጋዝ ለቆረጠበት አንድ አናጢ ፋሻ ቀየርኩለት። ሌላ ምንም አላለም፣ "ሲስተር፣ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ መቆለፍ እችል ይሆን?" ብቻ።

"ቀስ በቀስ" አልኩት። ውሸቴን እንደሆነ አወቀ መሰለኝ።

ግንቦት 7

አደረግኩት።

በምሳ ሰዓት ጋዋኔን አውልቄ አባ ዝገት ጋ ሄድኩ። ለብቻዬ። ሰላም አልኳቸው። ውሃ ሰጡኝ።

"ያ መጋዝ... እባክዎ ዋጋ ይጨምሩበት።"

"ምን?"

"ለወንድሜ። ሃያ ሺህ ይበሉት። አይችልም፣ ይተወዋል።"

"ልጄ፣ ቀንስልኝ ብሎ እግሬ ላይ የሚወድቅ አይቻለሁ። ጨምር ብላ የለመነችኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።" ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "እናቱ ነሽ?"

"እህቱ። ግን ያው ነው።"

"እሺ" አሉ። "እኔ እንደሆነ አልከስርበትም።"

ስመለስ ቅልል ብሎኝ ነበር። አሁን ግን የጻፍኩትን መልሼ መላልሼ አነባለሁ። ለእሱ ብዬ ነው። ለእሱ አይደለም እንዴ?

ግንቦት 8

አንገቱን ደፍቶ ገባ። "ሃያ አለኝ እትዬ! አስራ አራት ያለው ሰውዬ! ምን ነካው?"

"ካልሆነ አልሆነም፤ ይቅርብህ" አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተቀየረም። እንደዚህ መዋሸት የት ተማርኩ?

እራት አልበላም አለ። እኔ በላሁ... ድርሻውን ጭምር።

ግንቦት 11

በጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይመጣል። ስለ መጋዙ አንድ ቃል አያነሳም። እንዲያውም ያፏጫል። ልቡ ሌላ ሥራ ላይ ሆኗል ማለት ነው። ዛሬ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ግንቦት 12

ልብሱን ላጥብ ሸሚዙን ሳራግፍ ሰጋቱራ ዘነበብኝ። ኪሱ፣ ኮሌታው፣ ሁሉም ቦታ። የእጅ መጋዝ ይህን ያህል አያወጣም።

"ከየት ነው?"

"ከፋብሪካው ግቢ ነዋ። ጀምሬያለሁ።"

"በምን?"

ሸሚዙን ከእጄ ወስዶ አራገፈው፣ ከዚያ ተናገረ። አንድ እንጨት ነጋዴ መጋዝ አከራይቶታል። በገንዘብ ሳይሆን ከሚቆረጠው እንጨት ግማሹን ይወስዳል። ግማሹን! ይሁን፣ እሱስ ይሁን። መጋዙ ግን መከላከያ የሚባል ነገር የለውም። ጭራሽ። ማጥፊያውም አይሠራም፣ የሚጠፋው የአየር መግቢያውን በጨርቅ አፍነው ነው። ነዳጅ መስጫውን ስትለቂው ሰንሰለቱ መዞሩን አያቆምም አለኝ፣ እንደ ቀልድ።

"ምን ላድርግ እትዬ? ያኛው ሃያ ገባብኝ።"

አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ። "አመመሽ እንዴ?" አለኝ። ራሴን ነው አልኩት።

እኔ ነኝ። በገዛ አፌ ከመጥፎው አንስቼ የባሰው ላይ ጣልኩት።

ግንቦት 13

አባ ዝገት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በር ላይ ደረስኩ። ሲያዩኝ "ዛሬ ደግሞ ሰላሳ በልልኝ ልትይ ነው?" አሉ።

መሳቅ አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ መዝጊያውን ከፈቱ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አዘኑልኝ ብዬ ነበር።

"ስንት ይሉኛል?"

"ሃያ።"

"ሃያማ እኔ ያወጣሁት ነው!"

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? አንድ ሰው ደግሞ መጥቶ አስራ ስድስት ብሎኛል።"

እውነት ይሁን ውሸት በምን አውቃለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩትን ተናገርኩ። እንዲህ እንዳለ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም። መከላከያው ተገጥሞ፣ ሰንሰለቱ ቀጥ ሲል በዓይኔ ካየሁ ግን አስራ አምስት እከፍላለሁ። የምከፍለው ለመጋዙ አይደለም፣ ለመቆሙ ነው።

"ዕቃው ከየት ይመጣል?"

መደርደሪያው ላይ ሞተሩ የተቃጠለ ሌላ መጋዝ ተጋድሟል። ቀለሙም መልኩም አንድ ነው። መከላከያው ደህና። በጣቴ አሳየኋቸው።

"እሱ ለብቻው ይሸጣል። አስራ ስምንት አድርጊና ልግጠምልሽ።"

"እንግዲያው ለአስራ ስድስቱ ሰው ይሽጡለት!" ብዬ ዞርኩ። እንዴት ደፈርኩ? ዝም ቢሉኝስ? ተመልሼ እለምናቸዋለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ... በሩን ላልፍ ስል፦

"ነይ እንጂ! ነገረኛ ልጅ!"

አስራ አምስት። ግን ቶሎ አይደርስም። መፍታት አለ፣ ስንጥቁን ማስበየድ አለ... "ግንቦት አስራ ዘጠኝ ነይ" አሉኝ።

እስከዚያስ? ልጁ ነገም ያንን ሰይጣን ይዞ ይሠራል።

ግንቦት 14

ሥራውን ለጥቂት ቀን አቁም አልኩት። ለምን አለኝ። ዝም ብለህ አቁም። ለምን? መቼም ምክንያት አለቀብኝና ነገርኩት። አባ ዝገት ጋ መሄዴን፣ ጨምሩበት ማለቴን፣ አሁን እያስጠገንኩት መሆኑን፣ ሁሉን።

መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም።

"አንቺ? አንቺ ነሽ ሃያ ያስደረግሽው?"

"ፈርቼ ነው።"

"እኔ እኮ አስራ አራቱን ልከፍል ወስኜ ነበር የሄድኩት! መከላከያዋንም ቀስ ብዬ ላስቀይራት ነበር! ሰውዬው ፊት እንዴት እንደተዋረድኩ ታውቂያለሽ?" ተነሳ። "እጁ የኔ ነው እትዬ። ያንቺ አይደለም። አሁንም ኮሌታዬን የምታስተካክይልኝ ሕፃን መሰልኩሽ?"

በሩን ወርውሮት ወጣ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደቀ።

ያለው ሁሉ ልክ ነው።

ግንቦት 15

አላናገረኝም። በጠዋት ወጣ። ወደ ግቢው ነው የሄደው፣ በእልህ።

የሕክምና ክፍላችን በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች፣ ጉልበቱ ተልጦ። ፕላስተር ለመለጠፍ ሦስቴ ሞከርኩ። "ሲስተር፣ ደህና አይደለሽም?" አለችኝ።

ግንቦት 16

ገባና ምንም ሳይል መኝታ ክፍል ሄደ። ቆይቶ ሱሪውን በእጁ ይዞ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

ጭኑ ላይ ተቀዷል። በምላጭ የተቆረጠ ይመስል፣ ከጎን እስከ ጎን።

እግሩን አየሁ። ደህና ነው። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት፣ ቁስል እንደምፈልግ። የለም። ቆዳው አልተነካም። ጨርቁን ብቻ። ያ ሁሉ ዓመት ሰው ፊት ያላለቀስኩ ሴትዮ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"መጋዙን መለስኩለት" አለ።

"እሺ።"

ቆይቶ፦

"ሽማግሌው መቼ ነው ያሉሽ?"

ግንቦት 19

ፈቃድ ወስጄ አብረን ሄድን። ሽቦው የለም፣ ስንጥቁ ተበይዷል። መከላከያዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። አባ ዝገት ሞተሩን አስነሱ፣ ነዳጅ ሰጡ፣ ሰንሰለቱ እያለቀሰ ዞረ፣ በእጃቸው ጀርባ መከላከያዋን ገፋ አደረጓት። ቀጥ!

"ይድገሙልኝ" አልኩ።

ደገሙ።

"አንዴ ደግሞ።"

"እትዬ፣ በቃ! ቤንዚኑን እዚሁ ልትጨርሺው ነው?" አለ ወንድሜ። ከዚያ ኩርፊያ በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያው ደህና ነገር ነው።

ገንዘብ ሊወጣ ሲል ሁለቱ ተያያዙ። ወንድሜ አስራ አራት ነው ያሉኝ፣ እሱን ነው የምከፍለው አለ። ሽማግሌው ከእህትህ ጋር የጨረስነው አስራ አምስት ነው አሉ። ጮሁ፣ ተማማሉ፣ ሽማግሌው መጋዙን መልሰው ሊያስገቡ ተነሱ። እኔ መሃል ቆምኩ። በመጨረሻ ወንድሜ አስራ አራቱን ቆጥሮ በርጩማው ላይ አኖረና ወደ እኔ ዞረ።

"የቀረውን ያስወደደው ይክፈል።"

ሽማግሌው በሳቅ ፈነዱ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ቅጣት የለም።

መንገድ ላይ ግን ቁም ነገሩን ተናገረ። "ሁለተኛ በጀርባዬ እንዳታደርጊብኝ። የፈራሽውን ፊት ለፊት ንገሪኝ።"

"ሁሉንም?"

ትንሽ አሰበ። "ግማሹን።"

ግንቦት 24

ሳይመሽ ገባ። እጅ፣ እግር፣ ሁሉም አለ። አየሁት ሳይሆን ቆጠርኩት። "ቆጥረሽ ጨረስሽ?" አለኝ።

ሰኔ 1

ደመና ከበደ። ካልቸኮለ ዝናቡ ይቀድመዋል። ከቸኮለ ደግሞ... አይ፣ ይሄን ከማልነግረው ግማሽ ውስጥ ላድርገው።

ሰኔ 5

በምሳ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ግቢ ሄድኩ። እመጣለሁ ብዬ ነግሬው ነው፣ በድብቅ አይደለም። የቀሩት ጥቂት ዛፎች ናቸው፤ ጉቶው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ተደርድሯል። እርጥብ እንጨት ይሸታል። ትልቁ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ አየሁት። ጓንት አድርጓል፣ መነጽር አድርጓል። ምሳውን ልሰጠው ወደ እሱ ስራመድ ቀና አለ።

"እትዬ! እዚያው ቁሚ!"

እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። ቆምኩ።

"ወደ ኋላ! ገና! ገና... አጥሩ ጋ! እዚያ። ካልጠራሁሽ እንዳትንቀሳቀሺ።"

አጥሩ ጋ ቆምኩ፣ ምሳውን እንዳቀፍኩ። ጫፉን አየ፣ ነፋሱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። መጋዙ ጮኸ። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፣ አልጨፈንኩም። ዛፉ አመነታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እሱ ወዳሰበው በኩል ወደቀ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቅጠሉ ሲረጋ፣ አቧራው ሲወርድ፣ መጋዙን አጥፍቶ መሬት አስቀመጠው።

እኔ አሁንም አልተንቀሳቀስኩም። ግራ ቀኙን አየ፣ ሌላ የሚወድቅ ቅርንጫፍ አለመኖሩን አረጋገጠ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

"አሁን መምጣት ትችያለሽ" አለኝ።

ሄድኩ።