ስለ ሁለት አውሮፕላኖችና ስለ ብዙ ወንበሮች ለክቡር ጄኔራል

ለክቡር ጄኔራል፣ የአየር ኃይሉ የምሕንድስና መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

ይህች ጽሑፍ ክቡርነትዎን በሙሉ ጤና፣ በተለይም ከወገብ ሕመም ርቀው እንድታገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲሱን የቢሮ ወንበርዎን መርምሬ «ለአገልግሎት ብቁ ነው» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአውሮፕላን መሐንዲስነት ያገለገልኩ ሻለቃ ስሆን፣ ከአምስት ወር ወዲህ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የቢሮ ዕቃዎች ምርመራ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ ከእኔ በቀር ሠራተኛ ስለሌለው ሰው በማስተዳደር አልደከምኩም። ክስ እንዳይመስልብኝም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩ኛ፦ ለዕረፍቴ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጭነት አውሮፕላኑን ስንፈትሽ፣ የግራውን ማረፊያ እግር ከክንፉ ሥር የሚይዘው ብረት ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ያገኙት ጋሽ ብሎን ናቸው። ይህን ቅጽል ያወጣንላቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሎን ሲፈቱና ሲያጠብቁ ስለኖሩ ሲሆን፣ እኔንም ገና ምክትል መቶ አለቃ ሳለሁ መፍቻ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ነይ እስቲ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው፤ ዓይኔ እንኳ ደክሟል፣ ጣቴ ግን አይዋሸኝም» አሉኝ። ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚቀረውን ቀይ መመርመሪያ ቀለም ቀብተን ስንጠርገው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የጣት ርዝመት ያለው መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። በጥገና መዝገቡ ላይ «አይበርም» ብዬ ጻፍኩ። ክቡርነትዎም ወዲያው ደውለው «ሐሙስ እንግዶች አሉብኝ፤ አንቺ ፀጉር አየሁ ብለሽ አውሮፕላን ታስሪያለሽ?» ሲሉ በአባታዊ ቃና ጠየቁኝ። «ጌታዬ፣ ፀጉሩ ያለው ሠላሳ ቶን የሚሸከም ብረት ላይ ነው» ብልዎት፣ «ደክሞሻል፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል» አሉኝ። በማግሥቱ የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰኝ።

፪ኛ፦ ለአዲሱ ቢሮዬም ምስጋና ይገባዎታል፤ መስኮቱ ወደ ማኮብኮቢያው ነው። ሞተር በተነሣ ቁጥር እኔም እነሣለሁ፣ የሄደው እስኪመለስም ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የወንበር ኃላፊ ሆኜ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቤትም ያው ነኝ። ልጄ ትናንት በምሳ ሰዓት «እማዬ፣ በናትሽ አንዴ ቁጭ በይ! አንቺን ሳይ ምግቡ አልወርድ አለኝ» ብላ ተቆጣችኝ።

፫ኛ፦ በእኔ ቦታ «ይበራል» ብሎ እንዲፈርም የላኩትን መኮንን ፍጥነት ሳላደንቅ አላልፍም። የአውሮፕላን መጠገኛው የሃንጋሩ በር በየት በኩል እንደሆነ ጠይቆ ገባ፣ ፈርሞም ወጣ፤ ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ሐሙስ አውሮፕላኑ ሠላሳ አንድ ሰው ይዞ በሰላም ሄደ። ሲመለስ ግን መሬት በነካበት ቅጽበት የግራ እግሩ ተሰበረ፤ ክንፉ አስፋልቱን እየፋቀ ሄዶ ሣሩ ውስጥ ዞሮ ቆመ። ድምፁን በመስኮቴ ሰምቼዋለሁ። ማንም አልሞተም፤ ለዚህ ግን የማመሰግነው እርስዎን ሳይሆን አብራሪዋን ነው።

ጋሽ ብሎን ተሳፍረው ነበር። ዳሌያቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሆስፒታል ሄጄ «ስንጥቁን እያወቁ ለምን ገቡ?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እጄን ያዙና «ስንናገር አልሰሙንም፤ ታዲያ እነዚያ ምንም የማያውቁ ሰዎች መሐል አንድ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ይህን በቢሮ ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት ስለማላውቅ እንዳለ አስቀምጬልዎታለሁ።

፬ኛ፦ የምርመራ ኮሚቴዎ የአደጋው መንስኤ «ድንገተኛ የጎን ንፋስ» መሆኑን ደርሶበታል። በዚያ ቀን የንፋስ ማሳያው ጨርቅ ምሰሶው ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሎ መዋሉን አለማየታቸው አይፈረድባቸውም፤ ከመዝገቡ ላይ የእኔን ገጽ ቆርጦ በማውጣት ተጠምደው ነበር። «ምንም ስንጥቅ አላየሁም» የሚል ወረቀት አቅርበውልኝ አልፈረምኩም።

፭ኛ፦ በመጨረሻ ለዝውውሬ ያለኝ ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። ሁለተኛው አውሮፕላን የመጀመሪያው መንትያ ነው፤ በአንድ ዓመት ተሠርተው፣ እስከ አደጋው ድረስም እኩል ጊዜ ተነሥተው አርፈዋል። ይፈተሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት መልስ አላገኘሁም፤ እሱ ግን ለመጪው ሐሙስ አርባ ሰው ሊጭን ተሰናድቷል። ከሃንጋሩ ታግጃለሁ። ሆኖም የሹመት ደብዳቤዬ «ወንበር ወዳለበት ማናቸውም ክፍል የመግባት ሥልጣን» እንደሚሰጠኝ ሰኞ ጠዋት ልብ አልኩ። ዘበኛው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እንግዲህ የአብራሪው መቀመጫም ወንበር ነው፣ ይግቡ» አለኝ። መቀመጫውን በአግባቡ መረመርኩ። እግረ መንገዴንም ከክንፉ ሥር ገብቼ ብረቱን ቀይ ቀለም ቀባሁት።

ተሰንጥቋል። የዚህኛው ይረዝማል።

ቀለሙን ሳላጠፋ ተውኩት፤ በአብራሪው መቀመጫ ላይም በክፍሌ ማኅተም «ለአገልግሎት ብቁ አይደለም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ያችው አብራሪ ከሰዓት በኋላ መጥታ ወረቀቱን አንብባ፣ ወርዳ ከክንፉ ሥር አየች። ከዚያም ለበረራ ክፍሉ «ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፣ ይህን አላበርም» ስትል አስመዝግባለች። ሌሎቹ አብራሪዎችም ተራ በተራ ሄደው ካዩ በኋላ እንደሷው ብለዋል። ስለዚህ ሐሙስ የሚበር የለም። እኔም ያለ ፈቃድ መፈተሼን በዚህ ጽሑፍ አምኛለሁ፤ መርማሪዎችዎ እንዳይቸገሩ የቀለሙ ጣሳ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ክቡርነትዎን በፍጹም አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ቆሜ የጻፍኩት፤ በመሐንዲስነት ሠልጥና በወንበር የተሾመች፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደምትሾም የማታውቅ ታዛዥዎ፣

ሻለቃዋ

በድጋሚ፦ የሐሙሱን የተሳፋሪዎች ዝርዝር ትናንት አይቼዋለሁ። ከላይ የነበረው የክቡርነትዎ ስም ተሰርዞ በጎኑ «በመኪና ይሄዳሉ» ተብሎበታል፤ የሌሎቹ የአርባው ስም እንዳለ ነው። አጠገቡ የሰፈረው የተሰረዘበት ቀን ሦስተኛው ማመልከቻዬ ቢሮዎ በገባ በማግሥቱ ነው። አላነበቡልኝም ብዬ በየቦታው ሳማዎት በመክረሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።