ከእማዬ መሸመኛ የተረፈችው ስንዝር

ለእትዬ ተርዛ፣

እንደምን ከርመሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ሥራ ቦታሽ የቀሚሱን ብረት በጥብጣብ ስትጠቀልዪ የቆረጠሽ ጣትሽስ ዳነ? ባልሽ ሩበን ሥራ አገኘ? ትንሿ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሌላውን አትጠይቂኝ፣ ራሴ እነግርሻለሁ። እማዬ ይሄን እንዳልጽፍልሽ አስምላኝ ነበር። ማልኩላት። ታውቂኝ የለ፣ መሐላዬም እንደ ትምህርቴ ነው፣ መሃል ላይ ይቋረጣል።

የላክሽልኝ የብረት ቀሚስ፣ ያ ከስር ተለብሶ የላዩን የሚነፋው፣ በፋሲካ ሰሞን ደረሰ። ብድግ ሳደርገው የዶሮ ቅርጫት ነው የሚመስለው፤ ከላይ ቀሚሴን ጣል ሳደርግበት ግን ነፋስ ገባልኝ፣ እግር እንዳለኝ ያን ቀን አወቅሁ። እማዬ ዙሪያውን ዞራ አየችውና «ቀላል ነው» ብቻ አለች። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

የሰልፉን ቀን አትረሺውም። የጴንጤቆስጤ ማግስት የሸማኔ ልጅ ሁሉ እናቷ የሸመነችውን የፈረስ ጭራ ጨርቅ ከስር ለብሳ፣ ቀሚሷን ነፍታ በአሠሪያችን በሚስተር ፓድፊልድ ደጅ ታልፋለች፤ እሱም የለንደን ነጋዴ ጎኑ አቁሞ ዕቃውን ያሳያል። ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነበር። ብረቱ ከመጣ ወዲህ ጭራ የሚያዝ ጠፍቶ፣ ከሃያው መሸመኛ አሥሩ ብቻ ቀርተዋል። ይሄ ነጋዴ ካላዘዘ እነሱም ሊዘጉ ነው። ይሄን አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽሽም።

ግን ጭራው እግሬን ይልጠኛል፣ እትዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእማዬ ጎን ቆሜ ጭራውን ወደ ሽመናው በምትስብበት መንጠቆ ላይ አንዲት አንዲት ሳቀብል፣ ማንም ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን ልታይ አልኩ። እማዬ ቀድማ ስትወጣ ሳጥኑን በሹካ ፈልቅቄ ያንቺን ለበስኩ።

ልክ ደጁ ስንደርስ ነፋስ መጣና ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ገለበው። ብረቱ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ነጋዴው ለፓድፊልድ፣ «የሸማኔዋ ልጅ እንኳ ያልለበሰችውን እኔ ለማን ልሸጥ?» አለው። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! «ጌታዬ፣ እርስዎ አንድ እሁድ ይልበሱትና ሰኞ መቀመጥ ከቻሉ አሥር ጥቅል ይዘዙ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ነጋዴውም ሳቀ። ስቆ ስቆ ሳያዝ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ፓድፊልድ ስድስት መሸመኛ ዘጋ፤ መጀመሪያ የእማዬን። ቤቱም የሱ አይደል፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ልቀቁ ተባልን። ከዚያ ወዲያ የድሆች ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ እናትና ልጅን አንድ ላይ አያሳድሩም። ሜርሲ ሃናም፣ ከእማዬ ጎን አሥራ አራት ዓመት የሸመነችው፣ ውሃ ጉድጓዱ ጋ ባልዲዋን ከኔ አራቀችና «ኬዛያ፣ ያንቺ ቀሚስ የስድስት ቤት ምድጃ አጠፋ» አለችኝ። ባዶ ባልዲዬን ይዤ ተመለስኩ።

እማዬ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ብረቱን ከጥብጣቡ ፈትታ የጓሮውን አተር አስደገፈችበት። «ተርዛን ያንቺ ስጦታ ነው ያመጣብን እንዳትያት፣ ልቧ ይሰበራል» አለችኝ። ቀን ቀን ወንበሯ ላይ ቁጭ ትልና እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች፣ ጭራ እንዳቀብላት የምትጠብቅ ይመስል። የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጄን ሰጠኋት። አሁን አሁን ወጥቼ እሄዳለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ብቻ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ እናንተ ጋ፣ ዓይኗ ለደከመ የአርባ ሰባት ዓመት ሴት፣ ጥብጣብ የምትጠቀልልበት ቦታ አለ ወይ? ብረት በእጄ አልነካም ትል ይሆናል፤ አንቺ ከጠራሻት ግን ትመጣለች። እኔን ተይኝ፣ የሰው ቤት ገረድ እሆናለሁ።

ለሩበን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ «አክስትሽ አፏን ብትዘጋ ኖሮ…» በያት። አከራይሽንም ወይዘሮ ጉች ሰላም በያት። እማዬ ትስማችኋለች፤ ሳትል ነው የምጽፈው።

ጨርቁ ከመሸመኛው ተቆርጦ ሲወጣ መጨረሻ ላይ የምትተርፈው ስንዝር ጨርቅ የሸማኔዋ መሆኗን ታውቂያለሽ። እማዬ ለተርዛ ይሁን ብላ ሰጥታኛለች፣ እዚሁ ደብዳቤው ውስጥ አጥፌያታለሁ። ወደ ብርሃን አውጥተሽ እያት። ከጥቁሩ መሃል አንዲት ነጭ ጭራ አለች። ከሰልፉ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ልቤ ሳጥኑ ላይ ሆኖ፣ ተሳስቼ ያቀበልኳት ናት። እማዬ እንዲህ ያለውን አይታ አታልፍም፣ ፈትታ ታወጣው ነበር። ይችን አይታታለች። ምን እያሰብኩ እንደነበርም ሳይገባት አልቀረም። ግን ተወቻት።

እህትሽ ኬዛያ
ዊክ ሂል፣ ሰመርሴት
እሁድ፣ ሰኔ 14 ቀን 1857