ማስኬን በማውለቄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
መተማ ዮሐንስ

በዛሬው ነገር እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። እማማ ዘርፌ ልጃቸውን ሞላን ከሰሊጥ አጨዳ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያችን አመጡት። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ራሱን ስቷል። ግሉኮስ ሰቀልኩለት፣ መርፌውንም ወጋሁትና ከድንገተኛ ክፍሉ ወጣሁ። ሙቀቱ አፍኖኝ ስለነበር በሩ ላይ ማስኬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ላቤን ጠረግሁ።

እማማ ዘርፌ "ወየው ልጄን!" ብለው ደረታቸውን እየደቁ ወደቁ። አብረዋቸው የመጡትም ልቅሶውን ተቀበሏቸው።

"ኧረ እማማ፣ አልሞተም!" ብል ማን ይስማኝ።

"አትደብቂኝ ልጄ፤ በቴሌቪዥን ሐኪሙ እንዲህ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማታ ማታ በምናየው የሆስፒታል ድራማ፣ ሐኪሙ ማስኩን አውልቆ ካቀረቀረ በሽተኛው አለቀለት ማለት ነው። እኔም እያየሁ አለቅሳለሁ።

ሮጬ ስመለስ ሞላ ዓይኑን ገልጧል። መድኃኒቱ ሠርቶለት ይሁን የእናቱ ጩኸት ቀስቅሶት፣ አላወቅሁም።

"ሲስተር፣ ሞቻለሁ እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ አልሞትክም!" አልኩት።

ዓይኑ ግን እጄ ላይ ካለው ማስክ አልተነቀለም።