ድመቲቱ የጾመችበት ሁዳዴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለምናፍቅዎት እናቴ ለወይዘሮ ጀማነሽ፣ ወረኢሉ።

ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግርዎ ጥፍር እንደምን ሰንብተዋል? ያ የጉልበት ቁርጥማት ለቀቀዎት ወይ? ዓይንዎስ? እህቴ ቡዜ ውሃ የምትቀዳልዎት አሁንም እያጉረመረመች ነው? ወንድሜ አምኃስ በሬዎቹን ለእርሻ አደረሳቸው? እኔ ልጅዎ ዘሪቱና ባለቤቴ ከተማ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን ብዬ ብጽፍልዎት ደስ ባለኝ ነበር። ግን ለእናት ውሸት አይጻፍም። ፈርቻለሁ እማዬ። ያስፈራችኝም ድመት ናት።

አባ ገብረመስቀል፣ ይህን ለእናቴ የሚያነቡላቸው እርስዎ ነዎትና፣ የሚስቁ ከሆነ አሁኑኑ ስቀው ይጨርሱ። ወደ ታች የሚያስቅ የለበትም።

ባለፈው እንደጻፍሁልዎት፣ ከኡራኤል በታች ጣልያኖች ለሹሞቻቸው ከሠሯቸው አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ምግብ እሠራለሁ። ሰፈሩን ሰው ካዛንቺስ ይለዋል። ጠዋት ከቂርቆስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሳይመሽ እመለሳለሁ። ጌታዬ ሚስቱ ገና ከአገሯ ያልመጣች፣ ፊቱ የገረጣ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ክፉ ነው እንዳልል ተሰድቤ አላውቅም፤ ደግ ነው እንዳልል ደግሞ የሚፈራ ሰው ነው፣ የሚፈራ ሰው መቼ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። በመርዝ ይገድሉኛል ብሎ ስለሚሰጋ ከቀረበለት ሁሉ አስቀድሞ ለድመቱ ይሰጣል። እሱ ቢያንካ ይላታል፣ እኔ ውሮ እላታለሁ፤ የምትመጣው ግን እኔ ስጠራት ነው። እሷ በልታ አፏን ስትልስ ካየ በኋላ ይበላል። እኛ ዘንድ አሳላፊ ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አይሰጥም፤ ቀማሹ ሰው ነው። እሱ ሰው አላመነም፣ ድመት አመነ።

ይህችው ድመት ከጥር ወዲህ ታስመልስ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ሳያት መርዝ አበላች እባላለሁ አልሁ። እሱ ቢሮ ስለነበረ ያስመለሰችውን በአመድ አፍሼ ጓሮ ቀበርሁት። ሌላም ቀን እንደዚሁ። ከእኛ ጋር አንድ ግቢ የምትኖረውና ከጎረቤቱ ጣልያን ቤት ልብስ የምታጥበው ራቢያ ይህን ስነግራት ጭንቅላቷን ይዛ፣ “አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? የተቀበረ ነገር የተገኘ ቀን ምን ልትዪ ነው?” አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከምሠራበት ሁለት ቤት አልፎ ፀሃዬ የሚባል ወጥ ሠሪ ነበረ፤ ጌታው ሆዱን ቢቆርጠው ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። ጌታው በማግሥቱ ተሽሎት ቁርሱን በላ። ፀሃዬ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ ሚስቱም የምትጠይቅበትን ደጅ አታውቅም።

እንግዲህ ምኗን እንዳመማት ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። መጀመሪያ የጣሳውን ዓሣ ጠረጠርሁና ደበቅሁባት፤ አልተዋትም። ሽንኩርቱ ይሆናል ብዬ የእሷን ሥጋ ለብቻው ቀቀልሁ፤ ያው ሆነ። የዋጠችው ጠጉር ይሆናል ብዬ እንደ ሕፃን አበጠርኋት። ራቢያ ደግሞ ቡዳ በልቷት ይሆናል አለች። ጣልያን ቤት ቡዳ በየት በኩል ይገባል ብዬ ተቆጣኋት፤ ማታ ግን እኔም ሳላስበው አልቀረሁም።

ሁዳዴ ሲገባ ጌታዬ ለሥራ ጅማ ሄደ። ወተት የምታመጣውን ሴት እስኪመለስ እንዳትመጣ አላት። እኔም ለድመቲቱ የተቀቀለ ሥጋና የሥጋ ውሃ ብቻ እሰጣት ነበር። እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አላስመለሰችም! ጠጉሯ ሲያበራ፣ ከእግሬ ሥር ስትንከባለል፣ “ሥጋ የምትበላ ጾመኛ እንዳንቺ አላየሁም” እያልሁ እስቅባት ነበር። እሱ ሲመለስ ወተቱም ተመለሰ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለሆዷ የማይስማማው ወተት ነው። ልንገረው አልንገረው እያልሁ ስፈራ ስቸር፣ እሷ አልጠበቀችኝም። አንድ ዓርብ ጠዋት እፊቱ ምንጣፉ ላይ አስመለሰች።

ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ በማውቃት ትንሽ ጣልያንኛ ተሽቀዳድሜ “ወተቱ ነው” አልሁት። እሷንም እኔንም ላድን ብዬ ነበር። እሱ ግን ወተቱ ውስጥ ምን እንዳደረግሁ የተናዘዝሁ መሰለው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከወተቱ ማንቆርቆሪያ አንድ ብርጭቆ ሞላና “ጠጪ” አለኝ።

እኔም “ጾም ነው፣ አልጠጣም” አልሁት።

እማዬ፣ አስቤ አይደለም። ከልጅነቴ ያስለመዱኝ ነውና አፌ ብቻውን ተናገረ። በእኛ አገር ጾም ነው ያለን ሰው ማን ያስገድዳል? ምግቡን ያቀረበው ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ። እሱ ግን እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ። ፀሃዬ ትዝ አለኝ። ከተማ ማታ ከመንገድ ሥራ ሲገባ ባዶ ቤት ሲያገኝ ታየኝ። ብርጭቆውን አንሥቼ ጨለጥሁት።

ከዚያ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያየኝ ጀመር። ወተቱ ተመልሶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አስመለስሁ ማለት አለቀልኝ ማለት ነው፤ ጥርሴን ነክሼ ቅዱስ ቂርቆስን ጠራሁት። እናቱ እየሉጣ የሚፈላውን ውሃ አይታ ስትርበደበድ አይዞሽ ያላት ሕፃኑ ነው አይደል? የመጣውን መልሼ ዋጥሁት። ሲቆይ ጌታዬ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለድመቲቱ ከእንግዲህ ወተት አይሰጣት፣ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ አለኝ። ይኸው ድመቲቱ ትጾማለች፣ እኔ እገድፋለሁ። እሷ ድናለች፣ ወፍራለችም። እኔ ጠዋት ጠዋት ወተቱን፣ ቀን ሥጋውን ቀምሼ እንድቆም ታዝዣለሁ፤ ሆዴን እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ነው ይዤው የምሄደው።

ትተሽ ውጪ ይሉኝ ይሆናል። ከተማም ብሎኛል። ግን የሸሸሁ ቀን እውነትም መርዝ ነበራት ይባላል፤ ቤታችንን ደግሞ ያውቁታል።

አሁን ደግሞ ያልነገርሁዎት አለ። አባ፣ እዚህ ላይ ቡዜና አምኃ እንዳይሰሙ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ። የሚያቅለሸልሸኝ ወተቱ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እሑድ ነው፣ ቤቴ ነኝ፣ ወተት በአፌ አልዞረም። ራቢያ ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታው ቢመጣብኝ ጓሮ ሮጬ አስመለስሁ። እሷም ጀርባዬን ይዛ ከቆየች በኋላ የወር አበባዬን ጠየቀችኝ። ከጥምቀት ወዲህ አላየሁም። በየደብዳቤው “ምነው ዝም አልሽ፣ አልጸነስሽም ወይ” ይሉኝ የለ? ይኸው እማዬ። ስንት ዘመን የለመንሁት ልጅ በዚህ ቤት፣ በዚህ ጊዜ መጣልኝ። ደስ ይበለኝ ብል ፍርሃቱ አላስደርስ አለኝ። ነገ ሰኞ ነው፤ እሱ ተቀምጦ ሲያየኝ ያንን ብርጭቆ ጠጥቼ መቆም አለብኝ።

እኔ በሆድዎ ሳለሁ ማቅለሽለሹን በምን ያዙት? ሎሚ እንዳላሸት ሽታው እጄ ላይ ይቀራል፣ እሱም ምንድን ነው ይለኛል። የማይሸት፣ የማይታይ መላ ካለ ይላኩልኝ። መልሱን የጨው ነጋዴው ጅብሪል ያምጣው፤ ይህንንም ያደረሰው እሱ ነው። በፖስታ አይሁን። አባ ገብረመስቀል፣ ለገደፍሁት ንስሐ ይስጡኝ፣ ልጁ ግን አይቀጣብኝ።

አምኃን፣ ቡዜን፣ ጎረቤታችንን እትዬ ማሚትን ሰላም በሉልኝ። የቤታችንን ድመት አይምቷት፤ ብታስመልስም ታስመልስ፣ እናንተ ቤት ማንም አይጠየቅባትም። ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ሌላው ቢቀር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ እኔ ብርጭቆውን ይዤ እፊቱ የምቆምበት ሰዓት ነውና፣ አይዞሽ በሉኝ።

ልጅዎ ዘሪቱ
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.