የወንዙ መስኮት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል ጋሼ? እኛስ ደህና ነን፤ የኔ እግር ብቻ አላርፍ ብሎ ከጓዳ ደጃፍ እመላለሳለሁ።

በርስታችን ላይ የሚሠራው ቤት ንድፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተለወጠ። አባባ «ዋርካው አይነካም፣ ዳገቱም አይናድም፤ ቤቱ ራሱ ይጠማዘዝ!» እያለ አርክቴክቱን አሳሩን አበላው። ሰውየውም ችካል ተክሎ ክፍሎቹን መሬት ላይ በሲባጎ አሳየን። አባባ ሲባጎውን በእጁ እየዳሰሰ ከመኝታ ቤቱ እስከ ዋርካው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ቆጠረ። ደግሞ ተመልሶ ቆጠረ። «አሁን ገና ቤት ሆነ» አለ፤ ሲባጎው እንዳይነሳም ከለከለ።

ያ አባባ «ይስፋ» ብሎ ከአንተ ጋር የተጨቃጨቀበት የወንዙ መስኮትስ አትለኝም? «ይጥበብ፤ የውሃው ድምፅ ከገባ ይበቃል» አለ። ንድፉን ገልብጦ ይዞ «እጅህ ይባረክ!» ሲለው አርክቴክቱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ወደ ወንዙ ዞርኩ።

ቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ጋሼ፣ ገና ችካል ላይ እያለ ና። እስከዚያው ለአባባ ደብዳቤ አትጻፍለት፤ ድምፅህን ቀድተህ ላክለት።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

እግሯ አላርፍ ያላት እህትህ