የዓኒሳን በር ላሸጉት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም ለጨጓራዎ ፍጹም ሰላምን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። በዚህ የድሬዳዋ ሙቀት የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ለአንድ አፍታ እንኳ እንዳይቆምብዎ፣ ወንበርዎም እስከ ዛሬ እንደተመቸዎ እንዲቆይ የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ የሆንኩት እኔ ሀምዲያ ዓብዱልአዚዝ ዘወትር እጸልያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት በመሆኔ ለአለቃ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ለአለቃ የተጻፈ ደብዳቤ ሳይነበብ የት እንደሚቀመጥም አውቃለሁ። ይህንን ደብዳቤ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ያወጣሁት ለዚሁ ነው።

ጉዳዩን ለማስታወስ እንዳይቸገሩ ከመጀመሪያው ልተርክልዎ። እኛ አራት ጓደኛሞች ነን፤ እኔ፣ መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ፋርቱን፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ተቆጣጣሪ የሆነችው ዩሩብ፣ እንዲሁም በባቡሩ ዘመን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ አለምብርሃን። አምና ሐኪም የአራታችንንም ደም አይቶ ስኳራችን ከፍ ማለቱን ሲነግረን ክብደት ልንቀንስ ተማማልን። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ በደረቁ ወንዝ ዳር እንራመዳለን። ከዚያም መጋላ ጫፍ ካለችው የዓኒሳ ምግብ ቤት ገብተን ዘይት ያልነካው ፉልና የተቀቀለ እንቁላል ከአንድ ትሪ እንበላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፋርቱን ሱቅ ውስጥ ሚዛን ላይ እንወጣለን።

ዓኒሳ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያች ቤት ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት። ሳምቡሳዋ በሰፈሩ የታወቀ ቢሆንም ለእኛ ግን አትሸጥልንም፤ ገና ዓይናችን ሲያርፍበት «እናንተን አብልቼ ከሐኪም ጋር አልጣላም» እያለች ሰሃኑን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ታሸሸዋለች። ከአራታችን ሕጉን አጥብቃ የምትይዘው ዩሩብ ነበረች። ፋርቱን አንድ ጊዜ ከሠርግ ቤት የመጣ ጣፋጭ ሐልዋ በጣቷ ጫፍ ስትቀምስ ይዛት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባዮ እህቴ፣ ይቺ ጣትሽ ናት የምትቀብርሽ!» ብላ አሳፍራታለች።

በግንቦት ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ፉላችንን በልተን ልንነሣ ስንል ዩሩብ ጠረጴዛውን ጨበጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ቤቱ ዞረብኝ» ብላ እግራችን ሥር ወደቀች። እኔና ፋርቱን አንሥተን በሰፈራችን ነጂ በሙስአብ ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስናበርራት አቶ አለምብርሃን ከዓኒሳ ጋር እዚያው ቀሩ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የምግብ ቁጥጥር ባልደረቦችዎ ከተፍ አሉ።

አንደኛ፣ ስለዚህ ፍጥነት ምስጋናዬ ይድረስዎ። በዚያው መንገድ ላይ የሚፈሰውን የቆሻሻ ቦይ መጥታችሁ እዩልን ብለን ሁለት ዓመት ስንለምን ሰፈሩ የት እንደሆነ የጠፋባችሁ ሰዎች በዚያ ጠዋት ማንንም ሳትጠይቁ በሩን ማግኘታችሁ አስደስቶናል። አቶ አለምብርሃን «ልጄ፣ እኔም ከዚያው ትሪ በልቻለሁ፤ ይኸው ደህና ነኝ» ቢሉት፣ አንደኛው ባልደረባዎ «ይጠብቁ፣ ቆይቶ ነው የሚነሣብዎት» ብሎ አጽናናቸው። ሰውየው እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ናሙና አወሳሰዳችሁ ጥራት አመሰግናለሁ። ዩሩብ የበላችው ፉል ድስቱ ውስጥ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ለምርመራ ተብሎ የተወሰደው ማናችንም ያልቀመስነው፣ ገና ከዘይት የወጣ አሥራ ሁለት ሳምቡሳ ነው። ባልደረቦችዎን ወደ ቢሮ ያደረሳቸው ያው ሙስአብ ነበርና ናሙናው በደህና ደርሶ እንደሆነ ስጠይቀው «ላስቲኩ ደርሷል» አለኝ። የምርመራው ውጤት እስከ ዛሬ በጽሑፍ ባይወጣም መርማሪዎቹ በማግሥቱ ሥራ መግባታቸውን ስላረጋገጥን ምግቡ ንጹሕ እንደነበር በዚህ ተረድተናል።

ከዚያ በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ቀይ ቴፕ ተለጠፈ። ዓኒሳ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ቆማ ፎቶ ተነሣችና «የኅብረተሰቡን ጤና አደጋ ላይ የጣለ ምግብ ቤት ታሸገ» ተብሎ በመሥሪያ ቤትዎ የፌስቡክ ገጽ ወጣ። ለቀትሩ የዙሁር ሰላት ከመጣራቱ በፊት መጋላ በሙሉ አይቶታል። እዚህ ላይ እኔም ራሴን ልውቀስ፤ ጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጬ ያንን ፎቶ ሳይ «ለመሆኑ ፉሉ ጎምዘዝ አላለም ነበር?» ብዬ አስቤያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያበላችኝን ሴት በአንድ ፎቶ ጠረጠርኳት። የእርስዎ ማኅተም እንዲህ ያለ ኃይል አለውና እባክዎ ተጠንቅቀው ይያዙት።

በማግሥቱ ዩሩብን ልንጠይቅ ስንሄድ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አገኘነው። «ይህ የምግብ መመረዝ አይደለም» አለን። «ውኃና ጨው ከሰውነቷ አልቋል። ሆዷን ለብዙ ቀን ሲያጥባት የቆየ ነገር አለ። ምን እየወሰድሽ ነው?» ዩሩብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ምንም» አለች። ሐኪሙም ያየውን ጽፎ በዚያው ቀን ለመሥሪያ ቤትዎ ላከ።

ሦስተኛ፣ ያ የሐኪም ደብዳቤ የተደረገለትን መስተንግዶ በተመለከተ እንደ ሙያ ባልደረባ ሳላደንቅ አላልፍም። ቢሮዎ ሄጄ በገቢ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። የተቀመጠው ግን «ልዩ ልዩ» በሚለው ፋይል ውስጥ ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት «ልዩ ልዩ» ውስጥ ብዙ ወረቀት ቀብሬያለሁ፤ ከዚያ የተነሣ ግን አላየሁም።

እናንተ ፋይሉን ስትዘጉ እኛ ጀመርን። ዩሩብ ስትወድቅ ጠረጴዛው ሥር የቀረውን የውኃ ኮዳዋን አቶ አለምብርሃን ይዘውት ወጥተው ነበር። ፋርቱን ብትከፍተው ውስጡ ያለው ውኃ ሳይሆን ቡናማ ነገር ነው፤ የደረቀ ቅጠል ይሸታል፣ ምላስ ላይ ይመርራል። አንገቱ ላይ የፏፏቴ ሥዕል ያለበት የሻይ ከረጢት ወረቀት በክር ተንጠልጥሏል። አቶ አለምብርሃን መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አገላበጡትና «አገሩ የለም፣ ቀኑ የለም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ከግምጃ ቤት ደጃፍ አያልፍም» አሉ። ያን ጊዜ የቅዳሜው ሚዛን ትዝ አለኝ። እኛ በሦስት ሳምንት አንድ ኪሎ ለመቀነስ ስንሰቃይ ዩሩብ ስድስት ኪሎ ቀንሳ አጨብጭበንላት ነበር። እኔማ ቀንቼባታለሁ።

ፋርቱን ገዢ መስላ የመዋቢያ ዕቃ መሸጫዎችን ስትዞር፣ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ባለ ፏፏቴው ሻይ መደርደሪያ ሞልቶ አገኘችው። ሻጩ «ዋላሂ፣ በአሥር ቀን ሆድሽን ፈልገሽ አታገኚውም!» ሲል አሞገሰላት። ፈቃድ እንዳለው ብትጠይቀው በኩራት ወደ ግድግዳው አመለከታት።

አራተኛ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ላየነው ውብ ፊርማዎ አመሰግናለሁ። በጤናማ አኗኗር ሳምንት ኤግዚቢሽን ላይ «ለኅብረተሰቡ ጤና ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ተብሎ ለሻጩ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ነው። ክብ ማኅተሙ ዓኒሳ በር ላይ ከነበረው ጋር አንድ ነው።

የሻዩን ወረቀት ይዘን ከጤና ጣቢያ ወደ ቤቷ ወደተመለሰችው ዩሩብ ሄድን። ከወደቀች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ፋርቱን ባለ ፏፏቴውን ወረቀት ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችላት። ዩሩብ ወረቀቱን አንሥታ አየችው። ከዚያ «ሚዛን ላይ ስወጣ ታጨበጭቡልኝ ነበር» አለች። «ማቆም አቃተኝ። ፋርቱንን በአንድ ጣት ሐልዋ አሳፍሬ፣ እኔ ሻይ ደብቄ እጠጣለሁ ብዬ እንዴት ልንገራችሁ?»

«ዓኒሳስ?» አልኳት።

«ዓኒሳን ባሰብኩ ቁጥር ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ሲነጋ ያቅተኛል።»

ይህን ሁሉ በስሟ እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ዩሩብ ናት። በማግሥቱ ግድግዳ እየደገፈች ዓኒሳ ቤት ገብታ ሁሉንም ነገረቻት። ዓኒሳ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «የታመመው ሆድሽ ነበር፤ አፍሽን ምን ነካው?» አለቻት። ከዚያም ተነሥታ ከጀርባዋ ትራስ አደረገችላት።

አምስተኛ፣ ከዓኒሳ ጋር አምስት ሆነን ማስረጃ ይዘን ቢሮዎ ስንመጣ ስላሳዩን ቸርነት ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ ግልባጭ፣ የሻዩን ወረቀትና ዩሩብን ራሷን አቀረብንልዎ። «ጉዳዩ ተዘግቷል» ካሉን በኋላ አዝነውልን ለዓኒሳ አንድ ቅጽ ገፋ አደረጉላት። «ጉድለቴን አርሜያለሁ» ብላ ከፈረመች በሩ በዚያው ቀን ይከፈታል።

ዓኒሳ «የትኛውን ጉድለት?» ስትል ጠየቀችዎ።

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ» አሏት።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጠች። «ጉድለቴን ቢነግሩኝ አርማለሁ» አለች፤ «ካልነገሩኝ ግን ያላጠፋሁትን ፈርሜ ልጆቼ ፊት አልቆምም።» ይህን ብላ ወጣች። እርስዎም ስልክ አነሡ።

ዩሩብ እውነቱን በገጽዎ ላይ ከዚያ ፎቶ ሥር በሙሉ ስሟ ጻፈች። ተሰረዘባት። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ተሰረዘ። በመጨረሻ የሐኪሙን ወረቀት በትልቁ አባዝታ፣ «የታመምኩት በሻይ ነው፤ ዓኒሳ አልበደለችኝም። ዩሩብ» ብላ ከሥሩ በእጇ ጽፋ ከቀዩ ቴፕዎ አጠገብ ለጠፈችው። ቀኑን ሙሉም በሩ አጠገብ ቆማ ላላነበበ ታነብለት ነበር። አብረዋት የሚሠሩት የፋብሪካ ሴቶች ሁሉ የደበቀችውን በዚህ አወቁ። አንገቷን ደፍታ ቆመች እንጂ አልሄደችም። ሰዉ ቴፑንና ወረቀቱን አንድ ላይ ፎቶ እያነሣ መላላክ ሲጀምር፣ በታሸገ በሠላሳ አራተኛው ቀን ከእናንተ ዘንድ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ቴፑን ልጦ ሄደ። ደብዳቤ አልያዘም፤ ቃልም አልተነፈሰም።

በሩ በተከፈተ ማግሥት ጠዋት አራታችን ጠረጴዛውን ከቤት አውጥተን መንገደኛ በሚያየን ቦታ ተቀመጥን። ፉሉ ሲመጣ ማንም ሳያዛት በመጀመሪያ የቆረሰችው ዩሩብ ናት። ዓኒሳ በሩ ላይ ቆማ እስክትውጥ አየቻት። ከዚያ ጥቂት ባጃጅ ነጂዎች መጡ፤ በሳምንቱ ሌሎችም ተመለሱ። ሁሉም ግን አልተመለሱም። ዛሬም እዚያ በር ጋ ሲደርሱ መንገድ የሚሻገሩ፣ ሳምቡሳ ሲያስገዙ «ከዚያችኛዋ እንዳይሆን» ብለው የሚያስጠነቅቁ ሰዎች አሉ። ያ ፎቶ ከገጽዎ ላይ ዛሬም አልወረደምና አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ ጊዜዎን ሳልሻማ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ዓኒሳን ባዋረዱበት ገጽ ላይ፣ በዚያው በሚያህል ፊደል፣ አለማጥፋቷን ይጻፉ። ሁለተኛም ሻዩ ሌላ ሴት ሳይጥል ወደዚያ ሱቅ ሰው ይላኩ። መንገዱ ከጠፋባችሁ ሙስአብ ያደርሳችኋል።

ይህን ያህል ስላስቸገርኩዎ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ማኅተምዎ እንዲያርፍ፣ ዓይንዎም አንዳንድ ጊዜ ወደ ገቢ መዝገቡ እንዲመለከት በመመኘት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሀምዲያ ዓብዱልአዚዝ
ከሳቢያን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ እንደጨረስኩ ዓኒሳ ስልክ ደወለችልኝ። የምግብ ደህንነት ቀንን ስታከብሩ ለስልሳ እንግዳ ሳምቡሳ እንድታዘጋጅ ከቢሮዎ ተጠይቃለች። መልሷን በጽሑፍ እንዳደርስላት ስለነገረችኝ እነሆ፦ «ምግቤን ካመኑት በገጻቸው ይናገሩ። ካላመኑት ደግሞ ስልሳ እንግዳ ጋብዘው ለምን ያስመርዛሉ?»