ዳንቴል የለበሰችው ማሽን

ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ አሰገደች፤ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ አለሽ ወይ? ዓይንሽስ? ወንድሜ በእምነት መድኃኒትሽን በሰዓቱ ይሰጥሻል ወይስ አሁንም ነገ ነገ እንዳለ ነው? እኔ የጂቡቲ ሙቀት ቢያቀልጠኝም ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እማዬ፣ ስለዚያች ትንሽ ማሽን ልንገርሽ። የሠራሁበት ቤት ጌታ፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ አገሩ ሲገባ የተወልኝ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ኮምፒውተር። ዲስክ ተሰክቶባታል። በሰው ቤት የሚሠሩ አሥራ አንድ የአገራችን ሴቶች የፓስፖርታቸውን ቅጂ እዚያ ውስጥ አስቀምጠዋል። ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት ይረጥባል፣ ፀደይ ጋ ያለ ግን አይጠፋም ይሉኛል።

ሀዊ ከነሱ አንዷ ናት። እናቷ እዚያው እናንተ ጋ ድሬዳዋ በጠና ታመዋል። አሠሪዎቿ ቤት ሲቀይሩ ፓስፖርቷ ከዕቃ ጋር ጠፋ። ኤምባሲ ሄደች፤ ቅጂውን አምጪና የመሄጃ ወረቀት እንሰጥሻለን አሏት። ወደ እኔ መጣች። ቅጂውን ላወጣ ማሽኗን ጠራኋት። ዝም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶፍትዌሩን ነው። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ተነሳች። ወጥቼ ስመለስ ዝም። የማስታወሻ ካርዷን ቀየርኩ። ተነሳች። ወጥቼ ስመለስ ዝም። ካርቲየ ሰባት ሰፈር ነጋዴው ዓብዱሰመድ ሱቅ ሄጄ ጠንከር ያለ ቻርጀር ገዛሁ። ችግሬን ሲሰማ ሳቀብኝ። ፊቷ ስትቀመጪ ጤነኛ፣ ስትወጪ በሽተኛ ከሆነችማ ማሽን አይደለችም፣ ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት አለኝ። እኔም ሳቅሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ፊቷ ስቀመጥ ምን አደርጋለሁ? ስወጣስ?

ማሽኗ የሆነችውን ሁሉ ራሷ ትመዘግባለች። ሰኞ ጠዋት መስመር በመስመር አነበብኩት። ሁልጊዜ የምትወድቀው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ ጫት ገብቶ መንደሩ በመኪና ጥሩምባ ሲናወጥ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግል። ከመውደቋ በፊት የጻፈችው ሙቀቷን ነበር። ሰማንያ። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ አምስት። ከዚያ ባዶ።

እማዬ፣ አትቀየሚኝ። ዳንቴልሽ ነው። አይደለም፤ እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮኑንም እንደምታለብሺው፣ አቧራ እንዳይነካት ብለሽ በደከመ ዓይንሽ ሠርተሽ የላክሽላት ዳንቴል። ልጠግናት ስቀመጥ እገልጥላታለሁ፤ ትተነፍሳለች። ስጨርስ ጫፍ ከጫፍ አስተካክዬ አለብሳታለሁ። ልጅሽ ነኛ። በገዛ እጄ ሳፍናት ከረምኩ።

ገለጥኩት። አጥፌ ጎን አስቀመጥኩት። ቬንቲላተሩን፣ ማራገቢያዬን፣ ከእኔ ወደ እሷ አዞርኩ። ዲስኩ ግን ስንት ጊዜ በድንገት ጠፍቶ ተጎድቷል፤ ፋይል አላሳይ አለኝ። ይጠግነው ዘንድ ትእዛዝ ሰጥቼ ወንበሬ ላይ ተተከልኩ። ስድስት ሰዓት። ስምንት ሰዓት። ላቤ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ካልከፈተልኝ አልነሳም አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሀዊ ሦስተኛዋ ነበረች። ግን አሥራ አንደኛዋ እስክትወጣ አልተነሳሁም።

በዚያው ቀን ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ ጎረቤቴ ፀዳል ቤት አኖርኩ። የአሥራ አንድ ሰው መንገድ በአንድ ዲስክ ላይ አይንጠለጠልም፤ ከእንግዲህ አይሆንም።

ዳንቴልሽን አልጣልኩትም። አጥቤ ከሥሯ አንጥፌላታለሁ፤ እንደ ንግሥት ተቀምጣበታለች። ሌላ ከጀመርሽ ግን ለትራስ ይሁን።

በእምነትን ሳሚልኝ፤ ይቺን ደብዳቤ እንዲያነብልሽ ለእሱ ያልሰጠሁት ሲያነብ ስለሚዘል ነው በይው። ለሚስቱ ለውቢት ሰላምታዬ ይድረሳት። ትንሿን ዝማሬን ጉንጯን ንከሺልኝ። ለመላው ጎረቤት፣ በር ላይ ቆመው ለሚያዳምጡትም ጭምር፣ ሰላም በይልኝ።

እናቴ፣ አሁን ይህን የምታነብልሽን ልጅ እጇን ያዥልኝ። ኤምባሲው የመሄጃ ወረቀቷን ሰጥቷት፣ የሐሙሱን ባቡር ከናጋድ ጣቢያ ተሳፍራ፣ እናቷ አልጋ አጠገብ ደርሳ ነው አንቺ ዘንድ የመጣችው። ሀዊ ናት።

ልጅሽ ፀደይ
ጂቡቲ፣ ካርቲየ 4
ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.